ጓዳው ሳይታይ

«ወላሂ አላበላቸውም!» አለች ሐዋ፣ ጭልፋውን ድስቱ ላይ እያስቀመጠች።

«ሐዋ፣ አንዴ ስሚኝ…»

«ከጠዋት ጀምሮ እየሰማሁህ ነው። መጀመሪያ ጓዳውን ያያሉ። ልጅቷ የምትተኛበትን አልጋ ያያሉ፣ የምትለብሰውን ብርድ ልብስ በእጃቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ይወስናሉ። ከወሰኑ በኋላ ከፈለጉ ከነድስቱ ይዘውት ይሂዱ።»

«ቅር ይላቸዋል ነው የምልሽ።»

«ቅር ይበላቸው!»

ቤቷ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ነው። ከፊት ቁርስ ቤት ነው፣ ከኋላ መኖሪያ። በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንጀራዬ ሰሌዳ መጻፍ ነውና፣ ግጥም ለራሴ ነው። ያን ቀን ሐዋ ቁርስ ቤቱን ዘግታ ቤቷን ስታጥብና ስትወለውል ነበር ያረፈደችው። ከቀትር በፊት የወረዳው ምክር ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ሊጎበኛት ነበር። ወላጅ ያጡ ልጆችን ለአሳዳጊ የሚሰጠው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ሥራውን በትክክል መሥራቱን የሚቆጣጠረው ደግሞ ምክር ቤቱ ነው። ቋሚ ኮሚቴው «የምክር ቤቱ ዓይን» ይባላል። ይህን ስም ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በእኛ ወረዳ ይህ ዓይን ቤቱን ካላየ ልጅ አይሰጥም።

ሐዋ የጠየቀችው ሰሚራ የምትባል ልጅ እንድትሰጣት ነው። ሰሚራ እናቷ ከሞተች ወዲህ ጎረቤት እያደረች ትመጣና ሐዋ ቁርስ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ትውላለች፤ ሐዋ ወደ ውስጥ ስትገባ ተከትላት ትገባለች፣ ስትወጣ ተከትላት ትወጣለች። ችግሩ ሌላ ጠያቂም መኖሩ ነው። እትዬ መዲና።

«ለአንድ ድስት ወጥ ብለሽ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሰሚራ እትዬ መዲና ቤት ብትገባ አይቆጭሽም?»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትክ ብላ አየችኝ። ቀጥላም ሳቋን ለቀቀችው። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«ይህን የምትለኝ አንተ ነህ? አንተ ‹አልበላም›?»

ይህን ቅጽል ስም ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

ስሙ የወጣልኝ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የትም አልተመደብኩም፤ እህል ጭነው አጅባር በሚሄዱ መኪኖች ላይ እየተንጠለጠልኩ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ፣ ከጆንያ አውራጆች ጋር አድራለሁ፣ ማሻ ድረስ ሄጄ የመቅደላን አምባ ከሩቅ አይቼ ያለ ምንም ጉዳይ እመለሳለሁ። የማየውን ሁሉ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እገጥማለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። ቤት መምታቱን የተማርኩት ከአዝማሪና ከመንዙማ ነው፤ ምን ማለት እንደሚገባኝ ግን ገና አልተማርኩም ነበር። እናቴ «ይህ ልጅ ምን ነካው?» ስትል መንደሩ በሙሉ አብሯት ይጠይቅ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከከተማ አልጠፋም። በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ፊደል ያልጨረሱ ልጆችን አስተምር ነበር። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ሐዋን ያወቅኳት እዚያ ነው። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ አንድ ግጥም አንዴ ከሰማች ሳታዛንፍ የምትመልስ ልጅ ነበረች። እኔ ራሴ የረሳሁትን ስንኝ የምታስታውሰኝ እሷ ነበረች። አንዳንዴም «እዚህ ጋ ቤት አልመታም» ትለኛለች፤ እውነቷንም ነበር። እናት አባቷ ሞተው ጽሕፈት ቤቱ ከከተማው ወጣ ብላ ለምትኖረው ለእትዬ መዲና ሰጥቷታል። እትዬ መዲና ባለ ብዙ ከብት፣ እጇ ያልተሰበሰበ፣ ደጇን እንግዳ የማይለየው ሴት ነበረች። አገሩ ሁሉ «ሐዋ አላህ አሰባት» ይል ነበር።

አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ሐዋ ቀረች። ሌሎቹን ልጆች ብጠይቅ «ትምህርት ቤትም አትመጣም» አሉኝ። አንድ ረፋድ ላይ ምንጭ አጠገብ ጄሪካን አዝላ አገኘኋት።

«ትምህርትስ?» አልኳት።

«ለዛሬ ቀርቼ ነው።»

በማግስቱም በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ምንጭ አገኘኋት። ለዛሬ ነው የቀረችው። በሳምንቱም ለዛሬ ነበር።

የዚያን ጊዜ የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ የእናቴ ወንድም ጋሼ አስማረ ነበሩ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበሩም። ከሰው እጅ የማይቀበሉ፣ የተጣላ ሲያስታርቁ ምሳቸውን የሚረሱ ሰው ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«የሙት ልጅ ናት እኮ!» አሉ። «ሥራችን ይህ አይደል? ማክሰኞ እንሄዳለን። አንተም ትመጣለህ።»

ደስታዬን አልችለው ብዬ አደባባዩን እየሮጥኩ ዞርኩት። በነጋታው ግን ጋሼ አስማረ ለእትዬ መዲና «ማክሰኞ እንመጣለን» ብለው እንደላኩባት ሰማሁ።

«ለምን ይነግሯታል ጋሼ?»

«ሳይነገር ሰው ቤት ይኬዳል እንዴ? ሌባ ልንይዝ ነው?» አሉኝ፣ ከልባቸው ተገርመው።

ጥቅምት ሊያልቅ ነበር። ሌሊት የጣለው ውርጭ ረፋድ ላይም የታጨደውን የገብስ ማሳ ነጭ አድርጎት ነበር። የጽሕፈት ቤቱ መኪና ነዳጅ የለውም ስለተባለ በእግር ወጣን፦ ጋሼ አስማረ፣ የኮሚቴው አባል ሐጂ ሰይድ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ጌታሁን የሚባል እንደኔው ገና ወጣት የሆነ ባለሙያ፣ እና እኔ። መንገዱ በባሕር ዛፍ መሃል አልፎ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ከሜዳው ዳር ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ ከታች ያለው ቆላ በጉም ተሞልቶ ወተት ይመስላል። ጌታሁን ጫማው እየነከሰው ነበር። «እትዬ መዲና ቤት ማሩ ልዩ ነው ይባላል» ሲለኝ እየቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ።

እትዬ መዲና ከአጥሩ በር ላይ ጠበቀችን። «መርሐባ! መርሐባ! ቤቴ ዛሬ በራለት!» እያለች ጋሼ አስማረን ሳመች፣ ለሐጂ ሰይድ ጎንበስ አለች። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ለእንግዳ አዲስ ቁርበት ተነጥፏል። ከመሃል መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳው ነው። የኛ አገር ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቃል፦ እንግዳ ከመጋረጃው ወዲህ ነው። የጓዳው ጉዳይ የባለቤቷ ገመና ነው፤ ወደዚያ ዓይንን መወርወር እንኳ ያሳፍራል።

እትዬ መዲና ብልህ ሴት ነበረች። እንግዶቿ እስላምም ክርስቲያንም ስለሆኑ በግ ብታርድ ሁለት ቢላ ሊያስፈልጋት ነው። እሷ ሁሉም ከአንድ ገበታ የሚበላውን ነበር ያሰናዳችው። የገብስ ገንፎ መሃሉ ቅቤ ያቆረ፣ ድፎ ዳቦ፣ እርጎ፣ ደግሞም ጌታሁን የመሰከረለት ማር። ከማለዳ ጀምሮ ስንሄድ ነበርና እርቦኛል።

ከዚያ መጋረጃው ተገለጠና ሐዋ ወጣች። እጅ ልታስታጥበን።

በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳህን ይዛለች፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው። ከጋሼ አስማረ ጀመረች። የእጇ ቆዳ ከአንጓዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁም ደም አዝሏል። ጋሼ አስማረ አዩት። ማየታቸውን አይቻለሁ።

«እጅሽን ምን ነካው ልጄ?» አሏት።

«ውርጩ ነው ጋሼ» አለች እትዬ መዲና ሐዋ አፏን ሳትከፍት። «የዘንድሮው ውርጭ ማንን ማረ? እንኩ የኔን ይዩት።»

«እውነት ነው፣ ከባድ ነው» አሉ ጋሼ አስማረ። ወደ ሐዋ ዞር ብለው፣ «ታዲያ እንዴት ነሽ? የጎደለሽ ነገር አለ?»

ሐዋ እትዬ መዲናን አላየቻትም። እኔንም አላየችኝም። ሳህኑ ውስጥ ያለውን እጣቢ ነበር የምታየው።

«የለም» አለች።

«እደጊ! ተባረኪ!» አሏት። ሐዋ ወደ ሐጂ ሰይድ ተሻገረች፣ ከዚያ ወደ ጌታሁን። እሷ እንዴት እንደምትኖር ሊያዩ የመጡትን ሰዎች እጅ አንድ በአንድ አጠበች። እኔ ጋ ስትደርስ እጄን አልዘረጋሁም።

ሐጂ ሰይድ ዱዓ አደረጉ። ቤቱን፣ ከብቱን፣ ወረዳውን መረቁ፤ ሁላችንም «አሚን» አልን። ገንፎው ላይ እጅ ሲዘረጋ እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

«ብላ እንጂ የኔ ጌታ» አለችኝ እትዬ መዲና።

«አልበላም።»

«ምነው? አመመህ?»

«ደህና ነኝ። መጀመሪያ ሐዋ የምትተኛበትን ጓዳ እንይ።»

ጌታሁን የቆረሰውን ዳቦ ማሩ ውስጥ እንደነከረ ቀረ። ሐጂ ሰይድ «አስተግፊሩላህ» አሉ ቀስ ብለው። ጋሼ አስማረ ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«አንተ ልጅ፣ አብደሃል?» አሉኝ። «የሰው ጓዳ?»

«ለምን መጣን ታዲያ ጋሼ? ትምህርት ከቀረች ስንት ጊዜዋ ነው? ይጠይቋት! ለብቻዋ ወደ ውጭ ይውሰዷትና ይጠይቋት!»

እትዬ መዲና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። የውሸት ለቅሶ አልነበረም፤ ያ ነው ክፋቱ። «እህሌ ተናቀ» አለች። «ሰው ደጄን ረግጦ እህሌን ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም። ምን በደልኩ? የሙት ልጅ ባሳደግኩ?»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሌላ አገር የሚሆን አይመስለኝም። የኮሚቴው አባላት በአንድ አፍታ ሽማግሌ ሆኑ። ሰው ተጣልቷልና ማስታረቅ አለባቸው፤ ይህን ሥራ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቁበታል። ሐጂ ሰይድ እትዬ መዲናን ያባብላሉ፤ ጋሼ አስማረ እኔን ይቆጣሉ፤ ጌታሁን «ተው እንጂ፣ አንዴ ብቻ ጉረስላት» እያለ ይጎስመኛል። ሐዋ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች መጋረጃው ጥግ ቆማለች። ጉዳዩ የእሷ መሆኑ ቀርቶ የኔና የእትዬ መዲና ሆኗል። ትንሽ ቆየችና መጋረጃውን ገልጣ ገባች። መግባቷን ከኔ በቀር ያየ የለም። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ነፋሱ እስኪያስነባኝ ድረስ ቆምኩ፤ ሆዴ በረሃብ ይጮኻል፤ ከቤት ውስጥ እትዬ መዲናን እያሞገሱ የሚያረጋጉበት ድምፅ ይሰማኛል። ወደ ማታ ሲመለሱ ጌታሁን ማር በጠርሙስ ተሸክሞ ነበር።

በምክር ቤቱ ጉባኤ ላይ ጋሼ አስማረ ሪፖርቱን አቀረቡ። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ። «አሳዳጊዋ እንግዳ አክባሪና ሩኅሩኅ መሆኗን በአካል ተገኝተን አረጋግጠናል። ልጅቷም በመልካም ሁኔታ ላይ ትገኛለች» አሉ። ውሸት አልተናገሩም። ያዩትን ነው የተናገሩት። እጄን አወጣሁ፤ አፈ ጉባኤው አጠር አድርግ ብሎ ፈቀደልኝ።

«ልጅቷ የት እንደምትተኛ ያየ ሰው አለ?» አልኩ።

አንድ ተወካይ ከመሃል አዳራሽ ዞር ብሎ ተመለከተኝና «ይኼ ገንፎ አልበላም ያለው ልጅ አይደለም?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ አስማረ ብቻ አልሳቁም፤ አንገታቸውን ደፉ፤ ያፈሩት ግን በኔ ነበር። ሪፖርቱ በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «አልበላም» ሆነ።

የገብሱ ውቂያ ሳያልቅ ሐዋ ከምንጩ ጠፋች። እትዬ መዲና «ስሜን በጉባኤ ያስነሳች ልጅ አላኖርም» ብላ ደሴ እህቷ ዘንድ ልካት ነበር። ጽሕፈት ቤት ሄጄ ጌታሁንን ጠየቅኩት። «ከወረዳችን ውጭ ናት፤ እኛን አይመለከተንም» አለኝ፣ አዝኖ። ከደሴ ደግሞ ገና ልጅ ሳለች ዓረብ አገር ተላከች። ተመልሳ መጥታ በገዛ እጇ ይህን ቁርስ ቤት እስክትከፍት ድረስ ዓይኗን አላየሁም።

ጋሼ አስማረ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሊሞቱ አካባቢ አንድ ቀን ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸውና፣ ድንገት፣ «ልጄ፣ ሰው እህል አቅርቦልህ ሳለ እንዴት ብለህ ትጠይቀዋለህ?» አሉኝ። የዕድሜ ልካቸው ጥያቄ ይመስል ነበር። ዛሬም ሳስበው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ክፉ የተናገረ አልነበረም። ሁሉም ደግ ነበር፣ ሁሉም ጨዋ ነበር። የጨዋነቱን ዋጋ የከፈለችው ማንቆርቆሪያ የያዘችው ናት።

«ያንተን ድርሻ ማን እንደበላው ታውቃለህ?» አለችኝ ሐዋ አሁን፣ ድስቱን እየከደነች።

«ማን?»

«እኔ ነኛ! አንተ ወጥተህ እነሱ እሷን ሲያረጋጉ፣ ዳግመኛ ወጥቼ አንድ ሳህን ሙሉ ይዤ ገባሁ። ትኩስ ነበር፤ ቅቤው አልረጋም። እዚያ ቤት በትኩሱ የበላሁት እሱን ብቻ ነው። የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ።» የድስቱን ክዳን ደግማ ተጫነችው። «ማታ የምተኛበት ጆንያ ላይ። መጋረጃውን የገለጠ ሰው ቢኖር ቁጭ ብዬ ስበላ ያገኘኝ ነበር።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ ድስቱ መልሼ አልተናገርኩም።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ከጽሕፈት ቤቱ ወደ ምክር ቤቱ የተሻገረው ጌታሁን ነው፤ ወፍሯል፣ ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ፈገግታው ያው ነው። አብረውት አንዲት ሴት ተወካይና አንድ አዛውንት ነበሩ። እኔን ሲያይ «አልበላም! አለህ እንዴ?» ብሎ አቀፈኝ። የወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ተቀመጡ፤ ጌታሁን የእጅጌውን ቁልፍ ፈታ።

«ሰላም ናችሁ? ደህና መጣችሁ» አለች ሐዋ። «ጓዳው በዚህ ነው። አልጋዋን፣ ዩኒፎርሟን፣ ሁሉንም እዩልኝ። ሰሚራንም ጎረቤት ናትና ለብቻዋ ጠይቋት።»

«ኧረ ሐዋ» አለ ጌታሁን እየሳቀ። «እኛ በርባሪ ነን እንዴ? ሰው ከቤቱ አያያዝ ይታወቃል። ለሱ እንደርስበታለን።»

«አሁን ይድረሱበት። ምሳው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ከዚያ በኋላ?»

«እሺ ካላችሁም ትበላላችሁ፣ እምቢ ካላችሁም ትበላላችሁ። ሳታዩ ግን አላቀርብም።»

ሴትዮዋ ጌታሁንን አየችው። አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፣ ወደ መጋረጃው ግማሽ እርምጃ ያህል ሄዱ፣ ሰብሳቢው አለመነሳቱን ሲያዩ ቆሙ። ሐዋ መጋረጃውን በእጇ ሰብስባ ይዛዋለች። ከወዲያ አልጋው ይታያል፤ ቀይ ብርድ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሰማያዊ ዩኒፎርም። አንገት ማዞር ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ጌታሁን የእጅጌውን ቁልፍ መልሶ ቆለፈ።

«አልተቀየምኩም» አለ እየተነሳ። ተቀይሟል። «ግን ሐዋ፣ እንግዳ መቀበል ያቃተው ቤት ልጅ እንዴት ይቀበላል? እኛ የሕዝብ አደራ ነው ያለብን። ነገ እትዬ መዲና ዘንድ ቀጠሮ አለን፤ እሳቸውን እናያለን።»

«እሳቸውን ነው ወይስ ማሩን?» አልኩ።

ጌታሁን ሴትዮዋን አስቀደመ፣ አዛውንቱን ክንዳቸውን ይዞ ደግፎ አወጣ፤ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ወደ ሐዋ ዞሮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ሐዋ መጋረጃውን አሁንም እንደያዘች ናት። ጌታሁን ወጣና፣ ጨዋ ሰው ነውና፣ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ቀስ አድርጎ ዘጋው።